በውሃው ቦታ የተገኘ ዘፈን

ማክሰኞ

ቃል ለሚቆጥበው ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤህ «እውነት ደህና ነሽ?» እያልክ ስለደጋገምክብኝ ነው ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩልህ። ሐኪሟ አይታኛለች። ልጁም ደህና ነው፤ የሚራገጠው እኔ ጎኔን ሳሳርፍ እየጠበቀ ነው፤ ሰው ሲተኛ ሥራ መጀመር ከአንተ የወረሰው መሰለኝ። እናቴ ሰላም ትልሃለች። «ያገባው አንቺን ነው ወይስ ግድቡን?» ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች። እኔ የለሁበትም፣ መልእክተኛ ነኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ኃላፊህ የጻፈው ደብዳቤ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። የግድቡን በሮች የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር በየጊዜው ስታክ ያደርጋል፣ እሱ ሲቆም በሮቹን በእጅ ለማዞር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ችግሩ እስኪፈታ አንተም ባልደረባህም ከዚያ ንቅንቅ እንዳትሉ ይላል። የዚያን ኮምፒውተር ከርነል የሠራነው ደግሞ እኛ ነን። ፈቃድህን የከለከለህ እንግዲህ ኃላፊህ ሳይሆን የሚስትህ መሥሪያ ቤት ነው። ባሏን አስሮ ያስቀረ ኮድ እንድታስተካክል የታዘዘች ሴት ከእኔ በፊት ስለመኖሯ እጠራጠራለሁ።

አለቃዬ «መውለጃሽ ደርሷል፣ ለሌላ ሰው ልስጠው» ብሎኝ ነበር። በጭራሽ አልኩት። ልጃችን ሲወለድ አንተ ማዋለጃው በር ላይ እንድትቆም እፈልጋለሁ። ይህን ለሌላ ሰው ሰጥቼ አልጋ ላይ ተጋድሜ መጠበቅ አልችልም።

ከርነል ምንድን ነው ላልከኝ፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው፤ አከራይ በለው። የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ብዙ ክፍል ያለው ግቢ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ተከራዮች ናቸው። አንዱ ሲመጣ ከርነሉ ክፍል ይሰጠዋል፤ ሲለቅ ቁልፉን ተቀብሎ ለሌላው ያከራያል። አከራዩ ከተሳሳተ ግቢው ይተራመሳል። የእናንተም እንደዚያ የሆነ ይመስለኛል፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ቢሮ ውስጥ የእናንተን የሚመስል ኮምፒውተር አቁመን ስናሠራው ነው የሰነበትነው። ደስ ብሎት ይሠራል። አንድም ቀን አልቆመም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ንገረኝ። ከመቆሙ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? ማን ይነካዋል? ትንሽ ነው ብለህ የምትተወው ነገር አይኑር። እንደገና ሲቆም በላኩልህ ዲስክ የሜሞሪውን ቅጂ አንሣና ስንቅ በሚያመጣላችሁ ሾፌር ላክልኝ፤ አሠራሩን በሌላ ወረቀት ጽፌልሃለሁ።

ጽሑፌ ከተንጋደደብህ የምጽፍበት ቦታ ስለማይመች ነው።

ሚስትህ


ቅዳሜ

ለእመቤቴ፣

ሾፌሩ ስንቁን አራግፎ እስኪጨርስ ነው የምጽፍልሽ። ዝናቡ በርትቷል፤ መንገዱ ሳይቆረጥበት መመለስ ስለሚፈልግ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ባሳጥር አትቀየሚኝ።

ደህና ነኝ። ባልደረባዬም ደህና ነው። ለምን ሬዲዮ እንደምንለው ለጠየቅሽኝ፣ በዚህ ሸለቆ ስልክም የሬዲዮ ጣቢያም ስለማይገባ ዜናውንም ማስታወቂያውንም እሱ ሆኖ ስለሚውል ነው። ማጥፊያ የለውም እንጂ ሌላው ሁሉ ተሟልቶለታል።

ኮምፒውተሩን ማንም አይነካውም። ጠዋት በደረቅ ጨርቅ እንጠርገዋለን፣ ቁጥሩን እናነባለን፣ በቃ። አጠገቡ ሻይ እንኳ አይቀመጥም። ሲቆም አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። አንዳንዴ ቁጥሩ እንዳለ ይደርቃል፤ አንዳንዴ የሌለ ቁጥር ያመጣል። በቀደም ሐይቁ ባዶ ነው አለን፤ በመስኮት ብናይ ውሃው በሩ ጫፍ ደርሷል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እኔ መዘወሩን ይዤ፣ ሬዲዮ የውሃውን መለኪያ እንጨት እየጮኸ እያነበበልኝ በሮቹን በእጅ ከፈትን። ከታች ያለው ከተማ ምንም ሳያውቅ ገበያውን ውሎ ገባ። እንኳንም አላወቀ።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ኮምፒውተሩ የሚቆመው ሁልጊዜ ኃላፊው ለጉብኝት መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው። ወይ ማታውን ነው፣ ወይ በማግስቱ። እሱ ሲመጣ እኛም እንደነግጣለን፤ ማሽን ይደነግጣል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ሰውየው ደግሞ «እኔ ዞር ስል ትተኛላችሁ ማለት ነው» ብሎ ደምድሟል።

የሜሞሪውን ቅጂ እንዳልሽኝ አንሥቻለሁ። በፎጣዬ ጠቅልዬ ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ ፎጣውን ግን መልሽልኝ።

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ የበዙት ግን ለምንድን ነው? እኛ ቤት ገብተዋል እንዴ? ቀኑስ ስንት ቀረው? መምጣት እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። ኮምፒውተሩ እንዲህ እያለ ግን ሬዲዮን ብቻውን ጥዬው አልመጣም፤ አንድ ሰው መዘወሩንም እንጨቱንም አይችልም። ታውቂኛለሽ።

ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ነው።

ባልሽ


ዓርብ

ውሸት ለማያውቅበት ባለቤቴ፣

ፎጣህ ደርሶኛል። አጥቤ እልከዋለሁ፤ እስከዚያ ፊትህን በእጅጌህ ጥረግ።

የላክኸውን ቅጂ ከፍቼ የውሃው ልክ የሚቀመጥበትን ቦታ ፈለግሁ። ብዙ ደከምኩ፤ በመጨረሻ አገኘሁት። እዚያ መኖር የነበረበት የሐይቁን ጥልቀት የሚናገር ቁጥር ነበር። የነበረው ምን ይመስልሃል? ዘፈን። የዘፈን ፋይል ርእሱን በጽሑፍ ይዞ ነው የሚዞረው፤ እና በሐይቁ ቦታ ላይ «ደጅሽ ላይ ዘነበብኝ» የሚል ጽሑፍ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሥሩ የዘፈኑ ቁርጥራጭ ተከምሯል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። እናቴ ምን ሆነች ብላ ከጓዳ እስክትመጣ ድረስ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ገባኝ። ውሃው በር ላይ ሲደርስ ያ ኮምፒውተር ያነብ የነበረው የፍቅር ዘፈን ነበር ማለት ነው። አንተ ደግሞ ከሥሩ ቆመህ መዘወር ታዞራለህ።

ዘፈን በራሱ እግር ሄዶ ሜሞሪ ውስጥ አይገባም። «ማንም አይነካውም» ብለኸኛል። አንተን አውቅሃለሁ፤ ሙዚቃ ሲከፈት እንቅልፍ ነው የሚወስድህ። ታዲያ በዚያ ሸለቆ ሌላ ማን ቀረ?

ዝም አይነቅዝም ብለህ እንደያዝከው ይገባኛል። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ምንም ነገር መሰካት ክልክል ነው፤ ሰውየውም የልጆች አባት ነው። እኔ ግን ስም አልጠየቅሁህም። ዘፈኑ እንዴት ይገባል? እንዴትስ ይወጣል? በተለይ እንዴት እንደሚወጣ ንገረኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ይህን ካላገኘሁ ግን ቆሜ ቀረሁ፤ አንተም እዚያው ቀረህ።

ቀኑን ለጠየቅኸኝ፣ ሐኪሟ «አትቸኩዪ» ብላኛለች። እየቸኮልኩ አይደለም። እናቴ የመጣችው ልትጠይቀኝ ነው።

ሚስትህ


እሑድ

ለእመቤቴ፣ (ይህን ያለው ባለቤትዎ ነው። ጸሐፊው ግን እኔ ሬዲዮ ነኝ። እንደምን አሉ እህቴ?)

ብዕሬ ቀለም ስለጨረሰብኝ ሬዲዮ እየጻፈልኝ ነው። (ብዕሩ ሙሉ ነው። መዘወሩ ተስፈንጥሮ ቀኝ እጁን መትቶታል። አልተሰበረም፤ አብጦ ታስሯል፣ ሾፌሩ ያመጣው የጤና ባለሙያም አይቶታል። «እንዳትናገር» ብሎኛል። አልተናገርኩም፣ ጻፍኩ እንጂ። አንብብልኝ ሲለኝ ቅንፎቹን እዘላቸዋለሁ።)

ውሃው ትንሽ ጎደል ብሏል። ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ዘፈኑ ግን የማውቀው ነገር የለም፤ ምናልባት ከፋብሪካው ጋር የመጣ ይሆናል። (ይህን ሲያስጽፈኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። እህቴ፣ ከዚህ በኋላ አጭር ቅንፍ አይበቃኝም፤ ሁሉንም ልንገርዎ።

ዘፈኑ የእኔ ነው። እዚህ ከውሃ ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ለአደጋ ጊዜ የሚጮህበት ድምፅ ማጉያ አለው፤ ድምፁ ደግሞ ግሩም ነው። ፍላሼን እሰካና በቀስታ እከፍተዋለሁ። የኃላፊው መኪና ጠመዝማዛው ላይ ብቅ ሲል በመስኮት አየዋለሁ። ያን ጊዜ ብድግ ብዬ ፍላሹን መንጭቄ ኪሴ እከተዋለሁ፤ ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ኃላፊው ሲገባ ሁለታችንም ቁጥር እያነበብን ነው። ይኸው ነው። ከኮምፒውተሩ መቆም ጋር ይገናኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም፤ ሲሰካ አይቆም፣ ሲነቀል አይቆም፣ የሚቆመው እኔ ዘፈኑን ከረሳሁት በኋላ ነው።

ባለቤትዎ «ተው» ብሎኛል፤ አንዴ ሁለቴ አይደለም። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው እኔን ነበር። መከራው ግን እኔን ስቶ የእሱን እጅ መታ። እሱ የልጁ መወለድ እያለፈው የእኔን ሥራ ሲጠብቅልኝ ዝም ብዬ ላይ አልችልም። ሦስት አሉኝ፤ ሦስቱም ሲወለዱ በር ላይ ነበርኩ። ስሜን ይጻፉ፣ የመጣው ይምጣ።)

(አሁን «አራት መስመር አስጽፌህ ምንድን ነው ገጽ ያዞርከው?» እያለኝ ነው። ፊደሎቼ ትልልቅ ስለሆኑ ነው ብዬዋለሁ።)

ባልሽ (በሬዲዮ እጅ)


ረቡዕ

ለሁለታችሁም፣ በተለይ ለቅንፉ፣

አገኘነው! እፎይ! ይህን ቃል ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጓጓሁ።

የሬዲዮን ደብዳቤ አንብቤ ሳልጨርስ ቢሮ ላለው ባልደረባዬ ስልክ ደወልኩ። ዘፈን ክፈት፣ መሃል ሲደርስ መንጭቀህ ንቀል አልኩት። «እንዲሁ? ሳላስወጣው?» ብሎ ደነገጠ። ይታያችሁ፣ እኛ ቢሮ ፍላሽ የሚወጣው ኮምፒውተሩን አስፈቅዶ፣ «አሁን ማውጣት ይችላሉ» እስኪል ተጠብቆ ነው። ሁላችንም ጨዋዎች ነን። ለዚህ ነው አንድም ቀን ያልቆመብን! ነቀለ፣ ሰካ፣ ደግሞ ነቀለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጠበቅሁ። «ቆመ!» ሲል እኔም «ቆመ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ምጥ መስሏት ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳውን አንጠልጥላ መጣች።

የሆነው እንዲህ ነው። ፍላሹ ሲነቀል ከርነላችን «ተከራዩ ለቋል» ብሎ ዘፈኑ የነበረበትን ክፍል ወዲያው ለሌላ ይሰጣል። ዘፈኑን የሚያመላልሰው ተሸካሚ ግን ገና አልወጣም፤ ቁልፉም በእጁ ነው። ዕድል ሆኖ ያ ክፍል ለውሃው ልክ ተከራየ። ተሸካሚው የቀረውን ዘፈን አምጥቶ በተከራዩ ዕቃ ላይ አራገፈበት። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ቁጥር ወዲያው ስለማይፈለግ ኮምፒውተሩ የሚወድቀው ቆይቶ ነው። ማስተካከያው ከርነሉ ስንት ቁልፍ ውጭ እንዳለ እንዲቆጥር፣ የመጨረሻው ሳይመለስ ክፍሉን ለማንም እንዳይሰጥ ማድረግ ነው። ሲናገሩት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ቁልፍ የሚወስድ እንጂ የሚመልስ አልነበረውም፤ ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘው ግቢው ሞላና ኮምፒውተሩ በሌላ በኩል ወደቀ። ተሳደብኩ፣ እንደገና ጻፍኩት። አሁን ባልደረቦቼ ሲነቅሉ ሲሰኩ ውለዋል፤ ንቅንቅ አላለም።

ሬዲዮ፣ ስምህ የትም አልተጻፈም። ሪፖርቱ ላይ ያለው «ሥራ ላይ ያለ ዕቃ በድንገት ሲነቀል» የሚል ብቻ ነው። ደንብ ጥሰሃል፤ ያን አንተና ኅሊናህ ተነጋገሩበት። ፍላሽ ተነቀለብኝ ብሎ የሚወድቅ ከርነል ግን ጥፋቱ የሠሩት ሰዎች ነው። ደግሞም ስማ፣ የውሃ መለኪያው ገመድ በነፋስ ላላ ቢል ያው ነገር ይደርስ ነበር፤ ያን ጊዜ ምን እንደገባበት የሚነግረን ርእስ አናገኝም ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የእኛው ዘፈን እየዘፈነ ጠራ።

አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ባሌ ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳልወርድ ካዘዘችኝ ሰንብቷል። ያለሁት እናቴ ቤት ነው። ኮምፒውተሬ ትራስ ላይ ነው፣ ደብዳቤውንም የምጽፈው ተጋድሜ ነው። ያልነገርኩህ ጥለህ መምጣት እንደማትችል ስለማውቅ ነው፤ ብነግርህ የማተርፈው የአንተን ጭንቀት ብቻ ነበር። አሁን ወርዷል። ሐኪሟ ትናንት መሣሪያውን ስታነብ ፈገግ አለች፤ እሷ በቀላሉ ፈገግ የምትል ሴት አይደለችም። አንተ እጅህን ደበቅኸኝ፣ እኔ አልጋዬን ደበቅሁህ። እኩል ነንና ማንም አይቆጣ።

የተስተካከለውን ከርነል የሚጭን ባለሙያ ይህን ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ከነፎጣህ።

ሚስትህ


ቅዳሜ

ለእመቤቴ፣

በግራ እጄ ነው። የዶሮ ጽሑፍ ቢመስል ታገሺኝ።

ሦስታችን፣ ኃላፊው ጭምር፣ ባለሙያው ጭኖ እስኪጨርስ ቆመን ስናይ ነበር። ከዚያ የፈተናውን መመሪያ አነበበ፤ «ከፍላሽ ዘፈን ክፈት፤ መሃል ላይ በድንገት ንቀል» ይላል። ኃላፊው «ዘፈን ያለበት ፍላሽ ማን አለው?» አለ። ሬዲዮ ጣሪያውን አየ። እኔ ሬዲዮን ላለማየት ውሃውን አየሁ። ሬዲዮ ባለበት ክፍል ጸጥታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ኃላፊው ከቁልፍ መያዣው ላይ የራሱን ፍላሽ ፈታ። ሰካው። የትኛው ዘፈን እንደወጣ ልንገርሽ? «ደጅሽ ላይ ዘነበብኝ»። መሃል ሲደርስ መነጨቀው፤ እጁ ልምድ አለው። ወደ ሬዲዮ ዞር ብሎ «የእኔም አለቃ ሲመጣ እንዲህ ነው የማደርገው» አለ። ሬዲዮ ከሳቁ ብዛት ወንበር ያዘ።

ያን ቀን አልቆመም። በማግስቱም አልቆመም። ዝናቡ አናታችን ላይ ሲወርድ፣ ውሃው ሲነሣ፣ በሮቹ ራሳቸው ተከፈቱ፣ ራሳቸው ተዘጉ። እኛ ቁጭ ብለን አየናቸው። ፈቃዴ ተፈረመ። አሁን አንድ ሰው ይበቃል፤ ሬዲዮ «ከዘፈኔ ጋር ሁለት ነን» ይላል።

የምመጣው ከዚሁ ደብዳቤ ጋር በአንድ መኪና ነው፤ አድራሹም እኔው ነኝ። ለምን ጻፍኩት ትይ ይሆናል። በአፌ እንደማልለው ስለማውቅ ነው። አልጋ ላይ እንደነበርሽ ሳነብ ፈራሁ። እጄን ሲመታኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ከእንግዲህ ደህና ነኝ ስትዪኝ አምንሽ ዘንድ፣ ደህና ሳትሆኚም ንገሪኝ። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።

ባልሽ


ሰኞ

ለወንድማችን ለሬዲዮ፣

በመጀመሪያ እርስዎ ማለትህን ተው። ዘፈንህን ኮምፒውተሬ ውስጥ ያገኘሁ ሴት ነኝ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ዝምድና አለ?

ባልደረባህ ደርሷል። እናቴ ቤት ሄዶ ሰው አጣ፤ ጎረቤት ወደ ሐኪም ቤት ጠቆመችው። ልጄ ስትወለድ ማዋለጃው በር ላይ አንድ እጁ የታሰረ፣ ከእግር እስከ ራሱ ዝናብ የጠጣ ሰው ቆሞ ነበር። አዋላጇ «ይሄ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። «የእኔ ነው!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ከምጡ ጩኸት ይበልጥ ነበር ይላሉ። ደብዳቤውንም አደረሰልኝ፤ ርሶ ነበር፣ ግን ይነበባል። ሴት ናት። ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ይህን አሁን የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው።

አሁን አንድ ችግር አለብን። ልጅቷ እንደ አንተ ማጥፊያ የላትም። እናቴ ሞከረች፣ እኔ ሞከርኩ፣ የየክፍሉን በር ያስከፈተ ጩኸት ነው። በመጨረሻ አባቷ ደረቱ ላይ አስተኝቷት በተበላሸ ድምፁ «ደጅሽ ላይ ዘነበብኝ»ን አንጎራጎረ። ጸጥ አለች። አሁን ከእሱ በቀር ምንም አትሰማም፤ እሱ ግን የሚያውቀው እስከ መሃሉ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወይ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ወይ አንተ ትነቅልበታለህ፤ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ እሷም ትጀምራለች።

ስለዚህ ፍላሹን በሾፌሩ ላክልን። አሁን ዘፈኑ እየተከፈተ ከሆነም ጨርስልኝ ብለህ አትጠብቀው፤ እንደፈለግህ ንቀለው። ከእንግዲህ ምንም አይሆንም።

እህትህ